ልጁ ቀድሞ ሰምቷል

በኤፕሪል 1963 ማርቲን ሉተር ኪንግ በርሚንግሃም፣ አላባማ ውስጥ ታስሮ ነበር (ዓመቶቹን የምጽፈው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው)። ስምንት ነጭ የሃይማኖት መሪዎች ሰልፉን ነቅፈው፣ ጊዜው አይደለም፣ ታገሡ የሚል መግለጫ አውጥተው ነበርና፣ እዚያው እስር ቤት ቁጭ ብሎ በጋዜጣ ጠርዝ ላይ መልስ መጻፍ ጀመረ። ያ ደብዳቤ ዛሬ በዓለም የታወቀ ነው። ብዙ ሰው የሚያስታውሰው ስለ ፍትሕና ስለ ሕግ ያለውን ነው። እኔን ግን ሁልጊዜ የሚይዘኝ አንድ በጣም ረጅም ዓረፍተ ነገር ውስጥ የተሸጎጠ ነገር ነው። የስድስት ዓመት ልጁ ቴሌቪዥን ላይ የአንድ መጫወቻ ፓርክ ማስታወቂያ አይታለች። ለምን አልሄድም ትለዋለች። ፓርኩ ጥቁር ልጅ አያስገባም። ኪንግ እዚህ ላይ ምላሱ እንደሚተሳሰር፣ የልጁ ዓይን እንባ ሲያቀር እንደሚያይ ይጽፋል። ከዚያ ደግሞ የአምስት ዓመት ወንድ ልጅ መጥቶ፣ ነጮች ለምን እንዲህ ክፉ ይሆኑብናል ብሎ አባቱን ይጠይቃል።

እንግዲህ አስቡት፤ ይሄ ሰውዬ እኮ ሰባኪ ነው፣ የሰባኪ ልጅ ነው፣ የእናቱም አባት ሰባኪ ነበሩ። በሥነ መለኮት ዶክትሬት አለው። አዳራሽ ሙሉ ሕዝብ በንግግሩ የሚያስነሣ ሰው ለስድስት ዓመት ልጅ መልስ አጣ።

ልጆች ያሏቸው ወዳጆቼ፣ በተለይ አሜሪካና አውሮፓ የሚኖሩት፣ አንድ ጥያቄ ይደጋግማሉ። ስለ ቆዳ ቀለምና ስለ እግዚአብሔር ከልጅ ጋር መነጋገር የሚጀመረው መቼ ነው? በአራት ዓመቱ? በሰባት? ወይስ ትንሽ ይደግ? ጥያቄው ቅን ነው። ውስጡ ግን አንድ ስሕተት አለ፤ ልጁ ምንም እንዳልሰማ፣ ወሬውን የምንጀምረው እኛ እንደሆንን ይቆጥራል። የአሜሪካን የክርስትና ታሪክ ላገላበጠ ሰው ነገሩ ተቃራኒ ነው። ወሬው ሁልጊዜ ቀድሞ ተጀምሯል። ወላጅ አፉን ሲከፍት የሚገባው መሐል ላይ ነው።

ሌላው ቢቀር በባርነት ዘመን እንኳ ልጆች አልተረሱም። በ1830ዎቹ ጆርጂያ፣ ሊበርቲ ካውንቲ ውስጥ ቻርልስ ኮልኮክ ጆንስ የሚባል የፕሬስቢቴሪያን ቄስ ነበር። ራሱ የእርሻም የባሮችም ባለቤት ነው፤ ለባሮች ወንጌል ይድረሳቸው ብሎም ዕድሜውን የሰጠ ሰው ነው። ባሪያን ማንበብ ማስተማር በጆርጂያ ሕግ ክልክል ስለነበር መጽሐፍ ሊሰጣቸው አይችልም። ስለዚህ የሃይማኖት ትምህርቱን በጥያቄና መልስ አዘጋጀው። አስተማሪው ይጠይቃል፣ ልጅም አዋቂም አብሮ እየደጋገመ ይመልሳል፣ እስኪሸመድደው ድረስ። ቄስ ትምህርት ቤት ገብቶ ሀሁን በዜማ የቆጠረ ሰው ይህ መንገድ ምን ያህል ኃይል እንዳለው ያውቃል። እንዲያ ሆኖ የገባ ነገር በቀላሉ አይወጣም። ጆንስ ስለ ፍጥረት፣ ስለ ኃጢአት፣ ስለ መዳን ያስተምራል። ከዚያው ጋር፣ በዚያው ድምፅ፣ ባሪያ ለጌታው መታዘዝ እንዳለበት፣ ጌታው ክፉ ቢሆንም ደስ ሊያሰኘው መጣር እንዳለበት፣ መኮብለል ትክክል እንዳልሆነ ይጠየቃል፣ ይመለሳል። አምስት ዓመት የሆነው ልጅ ማን ፈጠረህ የሚለውንና የማን ነህ የሚለውን በአንድ ትንፋሽ ተማረ ማለት ነው።

ሰሚዎቹ ግን ሞኞች አልነበሩም። ጆንስ ራሱ ጽፎ እንዳስቀረው፣ በ1833 ስለ ፊልሞና መልእክት ሰብኮ ነበር። ከጌታው የጠፋውን አናሲሞስን ጳውሎስ መልሶ የላከበት ደብዳቤ ነው። ጆንስ በዚያ ተነሥቶ መኮብለልን ሲያወግዝ ከጉባኤው ግማሹ ብድግ ብሎ ወጣ። ከቀሩት መሐል እንዲህ ያለ መልእክት መጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ የለም ያሉ ነበሩ። ሁለተኛ አንተን አንሰማም ያሉም ነበሩ። በዚያ ቀን ልጅ ይዞ የመጣ አባት ልጁን በእጁ ጎትቶ ሲወጣ ይታየኛል። ልጁ ስለ አናሲሞስ ምንም ላይገባው ይችላል፤ አባቱ ከስብከት መሐል ተነሥቶ መውጣቱ ግን ገብቶታል።

አሁን ከዚህ ታሪክ ሁሉ የምወዳቸው ሰው ጋ ደረስኩ። ናንሲ አምብሮዝ ይባላሉ፤ በባርነት ተወልደው ነጻ የወጡ፣ ዴይቶና ፍሎሪዳ የኖሩ፣ ማንበብና መጻፍ የማይችሉ አያት ናቸው። የልጅ ልጃቸው በ1899 የተወለደው ሃዋርድ ቱርማን ነው፤ በኋላ ከአሜሪካ ታላላቅ የሃይማኖት አሳቢዎች አንዱ ሆኗል፣ በ1936 ሕንድ ሄዶ ከጋንዲ ጋር ተነጋግሯል። ልጅ ሳለ ሥራው ለአያቱ መጽሐፍ ቅዱስ ጮክ ብሎ ማንበብ ነበር። ኢሳይያስን፣ መዝሙረ ዳዊትን፣ ወንጌላትን ደጋግሞ ያነብላቸዋል። የጳውሎስን መልእክታት ግን አያስነብቡትም። አልፎ አልፎ ስለ ፍቅር የሚናገረውን የቆሮንቶስ ምዕራፍ 13ን ብቻ ይፈቅዳሉ። ልጁ ለምን እንደሆነ ቢገርመውም ለመጠየቅ አልደፈረም። አያት ናቸዋ!

የጠየቃቸው አድጎ ኮሌጅ ከገባ በኋላ፣ ለዕረፍት ቤት በመጣበት ጊዜ ነው። ነገሩን የምናውቀው ቱርማን በ1949 ባሳተመው «ኢየሱስና የተገፉት» በሚል ሊተረጎም በሚችል መጽሐፉ ስለጻፈው ነው። አያቱ እንደነገሩት፣ በባርነት ጊዜ የጌታቸው ሰባኪ ለባሮቹ ሲያስተምር ሁልጊዜ የሚመርጠው ባሮች ሆይ ለጌቶቻችሁ ታዘዙ የሚለውን የጳውሎስን ቃል ነበር። እሳቸውም ያኔ ለፈጣሪያቸው ቃል ገቡ፤ ነጻነት ከመጣና ማንበብ ከቻልኩ ያንን ክፍል አላነብም ብለው። ነጻነቱ መጣ። ማንበቡ አልመጣም። ቃላቸውን ግን በልጅ ልጃቸው አፍ ጠበቁት።

ይህን ስጽፍ ሥነ መለኮት የተማሩ አንባቢዎች ቅር ሊላቸው እንደሚችል አውቃለሁ፤ ጳውሎስ እንዲህ በአንድ ቃል አይፈረድበትም፣ በክርስቶስ ባሪያና ጨዋ የለም ያለውም እሱ ነው ይላሉ። እውነት ነው። ግን አያትየው የጥቅስ ክርክር አልገጠሙም። አንድ ልጅ እግዚአብሔርን ሲያስብ ከበስተጀርባ የጌታው ድምፅ እንዳይሰማው በሩን ዘጉ። ያለ ምንም ማብራሪያ ዘጉት። ማብራሪያው ልጁ ሊሸከመው ሲችል ከአሥር ዓመት በኋላ መጣ።

ደግሞ ዝም ብለው አልተዉትም። ሌላም የሚተርኩለት ነገር ነበር። በዓመት አንዴ ወይም ሁለቴ ከሌላ እርሻ ጥቁር ሰባኪ፣ እሱም ባሪያ ነው፣ መጥቶ እንዲሰብክ ይፈቀድለት ነበር። ሰውዬው ስብከቱን ሲጨርስ ዝም ብሎ ፊታቸውን አንድ በአንድ ያይና፣ ባሮች አይደላችሁም፣ የእግዚአብሔር ልጆች ናችሁ ይላቸዋል። አያትየው እዚህ ታሪክ ላይ ሲደርሱ ጀርባቸው ቀጥ ይል ነበር ይላል ቱርማን። ልጆቹ ውጪ ተሰድበው፣ አንገታቸውን ደፍተው የመጡ ቀን ይሄ ታሪክ ይነገራቸዋል።

በዚያው ዘመን፣ በዚያው ፍሎሪዳ፣ ነጮቹ ቤት ውስጥስ ምን ይባል ነበር? ይሄንን የነገረችን ሊሊያን ስሚዝ ናት፤ በ1897 ጃስፐር በምትባል ትንሽ ከተማ የተወለደች፣ ቤተ ክርስቲያን ከማያስታጉል ነጭ ቤተሰብ የወጣች ጸሐፊ። እሷም በ1949፣ ቱርማን መጽሐፉን ባወጣበት ዓመት፣ ስለ አስተዳደጓ ጽፋለች። ልጅ ሳለች አንዲት ነጭ የምትመስል ልጅ በጥቁሮች ሰፈር ከድሆች ጋር ስትኖር ታየች። የከተማው ነጭ ሴቶች ተሰርቃ ነው ብለው ከነበረችበት አስወሰዷት፣ የሊሊያን እናትም ቤታቸው ተቀበሏት። ሁለቱ ልጆች አንድ አልጋ ላይ ተኙ፣ አብረው በሉ፣ ልብስ ተዋዋሱ። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ከጥቁር ልጆች ማሳደጊያ ስልክ ተደወለ፤ ልጅቷ ጥቁር ናት ተባለ። በቃ፣ ወዲያው ልትመለስ ነው። ሊሊያን እናቷን ለምን ብላ ወጠረቻቸው። እናት የሰጡት መልስ ገና ልጅ ነሽ፣ አይገባሽም፣ ሁለተኛ እንዳትጠይቂኝ የሚል ነው።

እኚህ እናት ክፉ ሴት አልነበሩም። ልጃቸውን ስለ ኢየሱስ ፍቅር ያስተምራሉ፣ እሑድ እሑድ አጥበው አለባብሰው ቤተ ክርስቲያን ይወስዳሉ። ግን ገና ልጅ ነሽ ያሉት ልጅ አልጋዋ ላይ ጎኗ ባዶ ሆኖ ስታይ ትምህርቱን ጨርሳለች። ስሚዝ ነገሩን እንዲህ ነው የምታየው፤ ስለ እግዚአብሔር፣ ስለ ገላችን፣ ስለ ነጭነታችን የተማርነው በአንድ ላይ ተገምዶ ነው፣ አንዱን ስትነካው ሌላው ይንቀሳቀሳል።

ጥያቄና መልሱን ገልብጦ መልሶ የጻፈው ሰው የመጣው ከካሪቢያን ነው። ጆርጅ አሌክሳንደር ማክጓየር አንቲጓ ተወልዶ አሜሪካ የገባ ቄስ ሲሆን፣ በ1921 የማርከስ ጋርቬይን ማኅበር ተከታዮች የሚማሩበት የጥያቄና መልስ መጽሐፍ አዘጋጀ። በዚያው ዓመት የአፍሪካ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን የሚባለውንም መሠረተ። መጽሐፉ ልጅ የሚጠይቀውን ሳያፍር ይጠይቃል። የእግዚአብሔር ቀለም ምንድን ነው? መልሱ መንፈስ ቀለም የለውም ነው። ቀጥሎ ግን፣ ግድ ስለ ቀለሙ ማሰብ ካለብህስ ይላል። እንግዲያው ጥቁር፤ በመልኩ ተፈጥረናልና። ስለ ካም እርግማን ተብሎ ለዘመናት የተወራውንም ያነሣል። ዘፍጥረት 9ን የከፈተ ሰው እንደሚያየው ኖኅ የረገመው ከነዓንን እንጂ ካምን አይደለም፤ ስለ ቆዳ ቀለምም አንዲት ቃል የለም። ኢትዮጵያ እጆቿን ስለምትዘረጋበት የመዝሙር ቃልም ይጠየቃል፤ ትንቢቱ አሁን እየተፈጸመ ነው ተብሎ ይመለሳል።

እዚህ ጋ ደረታችንን ከመንፋታችን በፊት ትንሽ ቆም እንበል። ያ ትውልድ የኛን ስም እንደ ጸሎት ሲይዝ እኛ ምን ላይ ነበርን? በ1921 ኢትዮጵያ ውስጥ ባርነት ገና አልቀረም። የቀረበት አዋጅ የወጣው በ1942 ነው። ሃርለም ያለች እናት ለልጇ ኢትዮጵያ የምትለውን ስም የክብር ማሳያ አድርጋ ስታስጠና፣ እዚያው ኢትዮጵያ ውስጥ ቆዳው የጠቆረ ልጅ በሌላ ስም ይጠራ ነበር። ያ ስም ዛሬም አልጠፋም። ሰፈር ውስጥ ልጆች ሲጣሉ ሰምታችሁታል፤ አንዳንዶቻችን ብለነዋል።

ከስድቡ ይልቅ የሚያሳስበኝ ግን በፍቅር የሚባለው ነው። አራስ ጥየቃ የሄደ ሰው ሕፃኑን ገልጦ አይቶ ቀላ ይላል፣ እናቱን መሰለ ሲል። ወይም ደግሞ ጥቁር ናት፣ ግን ቆንጆ ናት ሲባል። እቺ «ግን» ከየት መጣች? በመኃልየ መኃልይ መጀመሪያ ላይ ሴቲቱ ስለ ጥቁረቷና ስለ ውበቷ ስትናገር፣ በዕብራይስጡ ሁለቱን የምታያይዘው ፊደል «እና»ም «ግን»ም ልትሆን ትችላለች። ብዙ ተርጓሚዎች «ግን»ን መረጡ። የሦስት ዓመት ልጅ ዕብራይስጥ አያውቅም፤ «ግን» ምን እንደምትሠራ ግን ያውቃል።

ውጭ አገር ያደገው ልጅ ደግሞ ሁለት ጊዜ ነው የሚሰማው። ከሰኞ እስከ ዓርብ ትምህርት ቤት ጥቁር ነው፤ አስተማሪው፣ ጓደኞቹ፣ ፖሊሱም የሚያዩት እንደዚያ ነው። እሑድ ቤተ ክርስቲያን ሲመጣ አንተ ሐበሻ ነህ ይባላል። ይሄ ለአያት የኩራት ቃል ነው። ለልጁ ግን አንዳንዴ ከነሱ አይደለህም፣ ትሻላለህ የሚል ሹክሹክታ አለው። ሕዝብ ሙሉ ስማችንን ይዞ ሲጸልይ ኖሮ እኛ ለልጆቻችን ይህንን ማውረሳችን ያሳፍረኛል።

በቃል ያልተባለው ደግሞ በሥዕል ይባላል። በጥንቱ የቤተ ክርስቲያን ሥዕላችን ቅዱሳኑ ዓይናቸው ትልልቅ፣ ፊታቸው ወደኛ የዞረ፣ ብዙዎቹም ጠይም ናቸው። ክፉዎቹ በአንድ ጎን፣ በአንድ ዓይን ይሣላሉ። ሰይጣን ግን ብዙ ጊዜ ጥቁር ነው። ዛሬ ታክሲ ላይ የሚለጠፈውና ሳሎን የሚሰቀለው በአብዛኛው ከአውሮፓ የመጣው ሰማያዊ ዓይን ያለው ሥዕል ነው፤ ጠይሞቹ ቅዱሳን ገዳም ቀሩ። ልጅ ሁለቱን ያያይዛል፤ ሰይጣን ማንን እንደሚመስል፣ ጌታ ማንን እንደማይመስል።

አሜሪካ ውስጥ ይህን ሥራ የሠራ አንድ ሥዕል አለ። ዋርነር ሳልማን የሚባል የቺካጎ ሠዓሊ በ1924 ለቤተ ክርስቲያኑ መጽሔት ሽፋን በከሰል የሣለውን በ1940 በቀለም ደገመው። ቡናማ የተዘናፈለ ፀጉር፣ ነጣ ያለ ፊት፣ ከጎን የወደቀ ብርሃን። ከ500 ሚሊዮን ጊዜ በላይ ታትሟል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወታደሮች በኪስ ቦርሳቸው ይዘውት ዘመቱ። የጥቁሮች ሰንበት ትምህርት ቤቶች ግድግዳ ላይም ሳይቀር ተሰቀለ።

በዚያው ጊዜ ኬኔት እና ሜሚ ክላርክ የተባሉ ጥቁር ባልና ሚስት የሥነ ልቦና ምሁራን ከቀለማቸው በቀር አንድ ዓይነት የሆኑ አሻንጉሊቶችን ይዘው ልጆች ዘንድ ይሄዱ ነበር። ከሦስት እስከ ሰባት ዓመት ያሉ 253 ጥቁር ልጆችን ጠየቁ። ጥሩው የቱ ነው? መጥፎ የሚመስለውስ? አብዛኞቹ ጥሩው ነጩ ነው አሉ። ከዚያ፣ አንተን የሚመስለው የቱ ነው ሲባሉ አልቅሰው ከክፍሉ የወጡ ነበሩ። ጥናቱ በ1954 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ የትምህርት ቤት መድልዎን ሲሽር ተጠቅሷል። ክላርኮቹ ስለ ሃይማኖት አልጠየቁም። እኔ ግን ጥሩው የቱ ነው የተባለ የአምስት ዓመት ልጅ እሑድ እሑድ ፊት ለፊቱ የሚያየው ሥዕል ትዝ አይለውም ብዬ ለማመን ይከብደኛል።

ወደ በርሚንግሃም እንመለስ። ኪንግ ከእስር ከወጣ በኋላ፣ በሜይ 1963፣ ሰልፉ ሰው አጥቶ ሲዳከም ጄምስ ቤቭል የሚባል ወጣት ሰባኪ ልጆቹ ይውጡ አለ። ገና ልጆች ናቸው የሚል ተቃውሞ ከየአቅጣጫው መጣ። ቤቭል የሞገተው በባፕቲስት ሥርዓት ነው። የቤተ ክርስቲያን አባል ለመሆን ደርሷል ያላችሁት ልጅ፣ ለነፍሱ የዘላለም ውሳኔ መወሰን ይችላል ካላችሁ፣ ለነጻነቱም መሰለፍ ይችላል አለ። ልጆቹ ከ16ኛው ጎዳና ባፕቲስት ቤተ ክርስቲያን እየዘመሩ ወጡ። በመቶዎች ታሰሩ፤ ውሻ ተለቀቀባቸው፣ በእሳት አደጋ ቧንቧ ተመቱ። የቤቭል ክርክር እስከ ዛሬ ይከብደኛል። ልጅን ለውሻ አሳልፎ መስጠት ነው ብዬ አስባለሁ፤ ደግሞ ያለ ሰልፉም ውሻው እነሱን ለይቶ ያውቃቸው ነበር ብዬ አስባለሁ።

ሴፕቴምበር 15፣ እሑድ ነው። በዚያችው ቤተ ክርስቲያን የወጣቶች ቀን ነበር። የሰንበት ትምህርቱ ርዕስ ይቅር ስለሚል ፍቅር ነው። ምድር ቤት ባለው የሴቶች ክፍል አምስት ልጆች ልብሳቸውን እያስተካከሉ ነበር። በኛ አቆጣጠር ከጠዋቱ 4:22 ላይ የኩ ክለክስ ክላን አባላት ያጠመዱት ዲናማይት ፈነዳ። አዲ ሜይ ኮሊንስ፣ ካሮል ሮበርትሰን፣ ሲንቲያ ዌስሊ፣ ሦስቱም 14 ዓመታቸው፤ ዴኒስ ማክኔር 11 ዓመቷ። አራቱም ሞቱ። የአዲ ሜይ ታናሽ እህት ሳራ ተረፈች፣ አንድ ዓይኗ ጠፋ። ከወንጀለኞቹ የመጀመሪያው የተፈረደበት በ1977 ነው፤ የመጨረሻው በ2002። የዴኒስ የልጅነት ጓደኛ የነበረችው የስምንት ዓመቷ ኮንዶሊዛ ራይስ ፍንዳታውን አባቷ ከሚያገለግሉበት ቤተ ክርስቲያን ሆና ሰምታዋለች።

የቤተ ክርስቲያኒቱ ባለቀለም መስታወቶች ረገፉ። አንዱ ብቻ በቦታው ቀረ፤ ክርስቶስ ሕፃናትን ሲመራ የሚያሳየው። ሌላው ሁሉ ደህና ሆኖ የወደቀው የክርስቶስ ፊት ብቻ ነው። የጥቁር ሰባኪ የእንጀራ ልጅ የነበረው፣ ራሱም በልጅነቱ የሰበከው ጄምስ ቦልድዊን ስለዚህ መስታወት ሲናገር፣ የፊቱ መጥፋት እንደ ትርፍ ሊቆጠር ይችላል ብሏል፤ በዚያ ነጭ ፊት ብዙ ተጎድተናልና።

ዌልስ ውስጥ ጆን ፔትስ የሚባል የመስታወት ሠዓሊ ወሬውን ሰምቶ አዲስ መስኮት ልሥራላቸው አለ። የአገሩ ጋዜጣ ገንዘብ ማሰባሰብ ጀመረ፣ አንድ ደንብም አወጣ፤ ማንም ሰው ከግማሽ ክራውን በላይ አይሰጥም። አንድ ሀብታም ሙሉውን ከፍሎ ስሙን እንዳያስጠራበት ነው። መስኮቱ በ1965 ተተከለ። በላዩ ላይ ያለው ክርስቶስ ጥቁር ነው፣ ክንዶቹ ተዘርግተዋል። አንደኛው እጅ ይገፋል፣ በደልን። ሌላኛው ተከፍቷል፣ ለይቅርታ። ከሥሩ ከማቴዎስ 25 የተወሰደ፣ ለታናናሾቹ ያደረጋችሁት ለእኔ ነው የሚል ሐሳብ ያለው አጭር ቃል ተጽፏል። እሑድ እሑድ ልጆች ቀና ብለው ያዩታል።